ፀረ ተባይ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ታሪክና የመጋዘናችን ጓሮ

የዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ሲከበር ስለ ማዳበሪያ ስርጭት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ እህል ግብይት ብዙ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ «አንተም ከሙያህ አንድ ነገር ጻፍ» ሲለኝ ግን ቶሎ ትዝ ያለኝ አንድ አዛውንት አባላችን በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያነሱት ጥያቄ ነው። ስለ ፀረ አረም አረጫጨት ማብራሪያ ሰጥቼ ስጨርስ እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ አረሙ ደረቀ፣ ተባዩም ሞተ፤ ደግ። መድኃኒቱ ራሱስ ከዚያ በኋላ ወዴት ይሄዳል?» አሉ። እኔም «ፀሐይና ዝናብ ያጠፉታል» ብዬ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፍኩ። እርሳቸው ዝም ብለው ተቀመጡ፤ እንዳላመኑኝ ግን ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ጥያቄው እንዳይረሳኝ ያደረገኝ የራሴ ጥፋት ነው። በዲፕሎማ ተመርቄ በተመደብኩበት ቀበሌ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የሠርቶ ማሳያ እርጭት በጨረስኩ ቁጥር የጀርባ መርጫውን የማጥበው በመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ጓሮ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ። እኔን ያዩ አባላትም መርጫቸውን እዚያው እያመጡ ያጥቡ ጀመር። በሦስተኛው ክረምት ዙሪያው ሁሉ ለምልሞ ሳለ ያ ቦታ የአንድ ሰሌን ስፋት ያህል ሣር ሳያበቅል ቀረ። ከዚያ ቁልቁል ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲኬድ እናቶችና ልጃገረዶች ውኃ የሚቀዱበት ምንጭ አለ። ስለ ጥንቃቄ የማስተምረው እኔ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የአዛውንቱን ጥያቄ ታሪክ መፈለግ የጀመርኩት። ባገኘሁት ንባብ መሠረት መልሱን ከዚህ በታች አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአገራችን አዋጅ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ሁላችንም ከምናውቀው ፀረ አረም፣ ከቱ ፎር ዲ፣ እንጀምር። ይህ ኬሚካል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተገኝቶ ጦርነቱ ሲያበቃ ለገበያ የቀረበ ነው። ስንዴውን ሳይነካ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ስለሚያደርቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓለም ተዳረሰ። ያን ጊዜም ቢሆን «መሬት ላይ የወደቀው የት ይደርሳል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር፤ ሌስሊ ኦደስ ይባላል፣ በለንደን የዕፅዋት ሳይንስ መምህር ነው።

ስለ እኚህ ሰው አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ኦደስ በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን ሆነው በጃፓኖች ተማርከው ነበር። በምርኮኞች ካምፕ ውስጥ በቪታሚን እጥረት የሰው ዓይን እየፈዘዘ ሲሄድ፣ እርሾ እያበዙ፣ አኩሪ አተርንም በሻጋታ እያብላሉ ለጓደኞቻቸው ይሰጡ ነበር። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ያወቁት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ኦደስ ወደ ሥራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1949 ያሳተሙት ሙከራ እንዲህ ነው። በአፈር ውስጥ ቱ ፎር ዲ የተቀላቀለበትን ውኃ ደጋግመው እንዲዘዋወር አደረጉ። በውኃው ውስጥ ኬሚካሉ መኖር አለመኖሩን የሚለዩት በፌጦ ዘር ነበር፤ ኬሚካሉ ካለ የፌጦው ሥር አያድግም፣ ከሌለ ያድጋል። በመጀመሪያ ለተወሰኑ ቀናት ምንም ለውጥ አልታየም። ከዚያ በኋላ ኬሚካሉ በፍጥነት እየቀነሰ ጠፋ። ለዚያው አፈር እንደገና ቱ ፎር ዲ ሲሰጠው ደግሞ ያለ ምንም መዘግየት ወዲያው አጠፋው። ፀሐይና ዝናብ ቢሆኑ ኖሮ መጀመሪያም ሁለተኛም ጊዜ እኩል በፈጀ ነበር።

ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልገንም፤ እናቶቻችን ቤት የሚሆነው ይኸው ነው። አዲስ ሊጥ ያለ እርሾ ቢቦካ ቀናት ይፈጃል። ካለፈው ቡኮ የተረፈ እርሾ ከተጨመረበት ግን ሌሊቱን ኩፍ ብሎ ያድራል። የኦደስ አፈርም ከመጀመሪያው ዙር እርሾ ተርፎት ነበር። እርሾው ቱ ፎር ዲን ምግብ አድርጎ የሚበዛ ባክቴሪያ ነው፤ እርሳቸውም በቀጣዩ ዓመት ባክቴሪያውን ለይተው አወጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ባክቴሪያው ምንጫችንን ለማጽዳት ብሎ አይደክምም፤ የሚበላው ስለሚርበው ነው። ሌላ የሚጥመው ምግብ ካገኘ፣ ወይም ውኃና አየር ካጣ፣ ኬሚካላችንን ትቶት ይሄዳል።

ሁለተኛው ታሪክ ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከፊሊፒንስ የመጣ ነው። በሎስ ባኞስ ከተማ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ማሳዎች ላይ ዲያዚኖን የተባለው ፀረ ተባይ በተደጋጋሚ ይረጭ ነበር። ዲያዚኖንን በእኛም አካባቢ የማያውቀው ጥቂት ነው። ተመራማሪዎቹ ያስተዋሉት ነገር፣ መድኃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተረጨበት ማሳ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ፣ ተደጋግሞ በተረጨበት ማሳ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መጥፋቱ ነው። በዚያው ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሕንዳዊው ሴቱናታን በ1972 እና በ1973 ባሳተሟቸው ሥራዎች ምክንያቱን አሳዩ፤ ከማሳው ውኃ ውስጥ ዲያዚኖንን የሚሰብር ባክቴሪያ አወጡ። ባክቴሪያው ፍላቮባክቴሪየም ከሚባለው ወገን ነው ተብሎ ተመዘገበ፣ ኋላ ስሙ ተቀየረ። ይኸው ባክቴሪያ ፓራታይዮን የተባለውንና ከዲያዚኖን እጅግ የከፋውን መርዝም ይሰብራል።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ሁለት ፊት አለው። ለምንጩ ደግ ነው፤ ለሩዙ ግን ክፉ ነበር፣ ምክንያቱም ተባዩ ሳይሞት መድኃኒቱ እየተበላ ያልቅ ነበር። እኛም ዘንድ «ዘንድሮ የመጣው መድኃኒት አይገድልም፣ ውኃ ነው» የሚል አቤቱታ ሳይሰማ የሚያልፍ ዓመት የለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የመጠን ጉድለት፣ የተጭበረበረ ዕቃ ወይም የተባዩ መላመድ ነው። ለአፈር የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን ግን የመሬቱን ባክቴሪያ እኛው ራሳችን አሠልጥነነው ሊሆን ይችላል። አንድ ዓይነት መድኃኒት በአንድ ማሳ ላይ ዓመት ከዓመት አትደጋግሙ እያልን የምንጨቀጭቃችሁ በዚህም ጭምር ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር ተገኘ። ያን መርዝ የሚቆርጥበትን ጥበብ ባክቴሪያው የያዘው ከዋናው ዘሩ በተለየች፣ ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ ቀለበት ላይ ነው። አሜሪካን አገር በተገኘ ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ላይም ያው ጥበብ በተመሳሳይ ቀለበት ላይ ተገኘ። ባክቴሪያዎች እንዲህ ያለውን ቀለበት፣ ጎረቤት ለጎረቤት ዘር እንደሚያበድር፣ እርስ በርሳቸው ይሰጣጣሉ።

ነገር ግን መሰበር ማለት ሁልጊዜ መጥፋት ማለት አይደለም። ፓራታይዮን ሲቆረጥ ፓራ-ናይትሮፌኖል የሚባል ሌላ መርዛም ነገር ይተርፋል፤ እርሱን የሚበላ ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ያስፈልጋል። የዲዲቲ ነገር ከዚህም ይብሳል። ለወባ መከላከያ ቤታችን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሲረጭ የኖረውን ዲዲቲ የአፈር ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ዲዲኢ ወደሚባል የቅርብ ዘመዱ ይቀይሩትና እዚያው ላይ ያቆማሉ። ዲዲኢ በአፈር ውስጥ ለዘመናት ይቆያል፣ በስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የንስርና የጭልፊት እንቁላል ቅርፊት እየሳሳ እንዲሰበር ያደረገውም እርሱ ነው። ተፈጥሮ ቱ ፎር ዲን የመሰለ ነገር መፍጨት ትችላለች፤ ክሎሪን የበዛበትን ዲዲቲና ዲልድሪን ግን ታኝካለች እንጂ አትውጥም።

የአገራችን ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለአንበጣና ለግሪሳ መከላከያ፣ ለወባና ለእርሻ ተብለው ከውጭ የመጡ ኬሚካሎች ለአሥርት ዓመታት በየመጋዘኑ ሲጠራቀሙ ኖሩ። ከፊሉ በእርዳታ የመጣ፣ ከፊሉ ከሚፈለገው በላይ የተገዛ፣ ከፊሉም ወቅቱ ካለፈ በኋላ የደረሰ ነበር። በርሜሎቹ ዝገው ፈሰሱ፣ መለያ ወረቀታቸው ተላጠ። ኢትዮጵያም ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በብዛት ከተከማቹባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ሆነች። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባባሪነትና በለጋሽ አገሮች ገንዘብ፣ ከ2000 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት 1500 ቶን ገደማ የሚሆነው ተሰብስቦ፣ እንደገና ታሽጎ፣ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተላከና በከፍተኛ ሙቀት በሚሠራ ምድጃ ተቃጠለ። 1500 ቶን ማለት 15000 ኩንታል ነው። አንድ ዩኒየን በአንድ ዓመት ከሚያሰራጨው ማዳበሪያ ጋር አስተያዩት። ከዚያ በኋላም ሌላ ክምችት እየተገኘ ሥራው በተከታታይ ምዕራፎች ቀጥሏል።

አንዳንድ ሰው «ባክቴሪያ ካለ ለምን በመርከብ ተጫነ?» ሊል ይችላል። በርሜል ሙሉ የተከማቸ ጥሬ ኬሚካል ባክቴሪያውን ራሱን ይገድለዋል። የሚበላው የቀጠነውን፣ በአፈር ውስጥ የተበተነውን ነው። ከመርዙ ዓይነት እኩል መጠኑም ይወስናል ማለት ነው።

ስለ መጠን ካነሳን ከአሜሪካ የመጣ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። አትራዚን የበቆሎ ፀረ አረም ነው፤ እኛ አገር ፕሪማግራም በሚባለው ውስጥ ተቀላቅሎ ይመጣል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማንደልባውም፣ አለንና ዋኬት ፀረ አረም ከፈሰሰበት ቦታ አፈር ወስደው አትራዚንን እንደ ናይትሮጂን ምግቡ የሚጠቀም ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ አወጡ፤ ይህ በ1995 ታተመ። እዚያው ያሉ ሰዎች በ2000 ያሳተሙት ደግሞ የመስክ ሙከራ ነው። አትራዚን በአደጋ ፈስሶበት የተበከለውን አፈር እያንዳንዳቸው ከአንድ ሜትር ኩብ ባነሱ ዘጠኝ መደቦች ከፋፈሉት። ሕያው የተቀየረ ባክቴሪያ በሜዳ ላይ መልቀቅ ስላልፈለጉ፣ አትራዚንን የሚሰብረውን ኢንዛይም በብዛት እንዲያመርት የተደረገ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ካራቡ በኋላ ገድለው ሬሳውን ከአፈሩ ጋር ቀላቀሉ። ከስምንት ሳምንት በኋላ የሞተው ባክቴሪያ ብቻ በተጨመረበት አትራዚኑ በ52 በመቶ ቀነሰ። ፎስፌት ጭምር በታከለበት 77 በመቶ ቀነሰ። ምንም ባልተጨመረበትም ሆነ ፎስፌት ብቻ በተሰጠው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም።

ከዚህ ሙከራ እኔን የበለጠ የሳበኝ ግን ሌላ ነው። በቅድሚያ በላቦራቶሪ ሲሞከር፣ ለባክቴሪያ ተጨማሪ ምግብ እንዲሆን ካርቦን ያለበት ነገር ሲጨመር የአትራዚን መሰበር እንዲያውም ቀንሶ ነበር። እኛ የግብርና ሰዎች ችግር ሲያጋጥመን ሁሉ «ፍግ ጨምሩበት» ማለት ይቀናናል። ለሁሉም መርዝ አይሠራም። በዚሁ ምክንያት በጠርሙስ ታሽጎ «ማንኛውንም ኬሚካል ከመሬት ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጥ ባክቴሪያ ቢመጣባችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት፣ የትኛውን ኬሚካል፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ማን መርምሮ እንዳረጋገጠ ጠይቁ። ከውጭ የመጣ ባክቴሪያ በነባሮቹ ተሸንፎ በአጭር ጊዜ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ከስዊድን የመጣው ይመስለኛል። በዚያ አገር ውኃ ውስጥ የሚገባው ፀረ ተባይ ከየት እንደሚመጣ ሲጠና፣ ትልቅ ድርሻ ያለው ከማሳው ሳይሆን መርጫ ከሚሞላበትና ከሚታጠብበት ግቢ መሆኑ ታወቀ። የእኔ ጓሮ ማለት ነው! ስለዚህ በ1993 ባዮቤድ የሚባል ነገር መሥራት ጀመሩ፤ ሳይንሱን ያጠኑት በኡፕሳላ የሚገኘው የስዊድን የግብርና ዩኒቨርሲቲ መምህር ቶርስቴንሰን ናቸው። ነገሩ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ነው። ከሥሩ ውኃ እንዳያሰርግ ሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል። በላዩ ላይ በይዘት ግማሹ ጭድ፣ ሩቡ የላይ አፈር፣ ሩቡ ደግሞ ፒት የሚባል ከረግረግ የሚቆፈር የዕፅዋት ብስባሽ ተደባልቆ ይሞላበታል። ከላይ ሣር ይተከላል። መርጫው የሚሞላውና የሚታጠበው በዚያ ላይ ነው።

ሥራውን የሚሠሩት ጭዱን ሊበሉ የሚመጡ ፈንገሶችና በአፈሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ነጭ አበስባሽ የሚባሉት ፈንገሶች እንጨትነት ያለውን የጭዱን ክፍል ለመስበር የሚያመነጩት ኢንዛይም ዝርዝር የማይመርጥ ስለሆነ መንገዱ ላይ ያገኘውን ፀረ ተባይም አብሮ ይሰብራል። ብስባሹ ኬሚካሉን አጥብቆ ይይዝና ጊዜ ይሰጣቸዋል። ድብልቁ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ካገለገለ በኋላ ይወጣና አንድ ዓመት ያህል ተከምሮ ይብላላል። እንግሊዞች ዘዴውን ሲወስዱ ፒቱን ትተው በኮምፖስት ተክተውታል። ጭድ፣ አፈርና ኮምፖስት ደግሞ እኛ ከማንም የምንበደረው ነገር አይደለም።

ባለፈው ዓመት በበጋ ከመሠረታዊ ማኅበሩ ኮሚቴ ጋር ተነጋግረን፣ ከምንጩ ራቅ ባለና ጎርፍ በማይገባበት ወገን፣ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፈርን። ከታች መረሬ ጠቀጠቅንበት፤ የጤፍ ጭድ፣ የማሳ አፈርና የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅለን ሞላነው። የመጀመሪያው ክረምት አሳፈረን። ዝናቡ ሞልቶት ፈሰሰ፤ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ አየር ስለማይገባ ጭዱም መሽተት ጀመረ። ከዚያ ባረጀ ቆርቆሮ ጣሪያ ሠራንለት፣ ዙሪያውንም ቦይ አወጣንለት። ጉድጓዱን ለማየት ከመጡት መካከል እኚያ ጥያቄ የጠየቁኝ አዛውንት ነበሩ። መልሴን ዳር እስከ ዳር ካዳመጡኝ በኋላ «ከብት ጭዱን እንዳይበላው አጥሩት» አሉ። አላሰብነውም ነበር፤ በማግሥቱ አጠርነው።

ውጤቱን በላቦራቶሪ አላስመረመርንም፤ ስለዚህ «ጸድቷል» ብዬ አልጽፍም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ከጉድጓዱ ድብልቅ፣ ሣር ከማይበቅልበት ቦታና ከጤነኛ ማሳ አፈር ወስጄ በሦስት የሸክላ ጎድጓዳ ሳህኖች ፌጦ መዝራት ነው። ጤነኛው ማሳ ላይ ሙሉ በሙሉ በቀለ፤ ከጉድጓዱ በተወሰደው ላይ ትንሽ ሳስቶ በቀለ፤ ከጓሮው በተወሰደው ላይ ጥቂት ብቻ ብቅ ብሎ ቢጫ ሆነ። ፌጦ የፀረ አረም ቅሪት እንዳለ ይጠቁም ይሆናል፣ ስለ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ግን ብዙም አይናገርም። ስለ ምንጩ ውኃ ደግሞ ምንም አይነግረንም። የምንጩን ውኃ ለማስመርመር ዩኒየኑ በበጀቱ እንዲይዝልን በዚሁ አጋጣሚ እጠይቃለሁ።

ጉድጓዱን ለመሥራት የምታስቡ ማኅበራት፣ እዚያ ላይ የሚደፋው የመርጫ እጥበት ብቻ ነው። ባዶ ዕቃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅና እጥበቱ ወደ መርጫው ተመልሶ ማሳው ላይ ይረጭ፤ ዕቃውም ተበስቶ ይቀመጥ እንጂ ለዘይትና ለውኃ መያዣ አይሰጥ። የተረፈ ጥሬ መድኃኒት ጉድጓዱ ውስጥ ቢደፋ ባክቴሪያውን ከመግደል ሌላ ጥቅም የለውም።

በመጋዘናችን ጥግ መለያቸው የጠፋ ሁለት በርሜሎች አሉ። አንደኛው ከሥሩ ያረጥባል። ምን እንደሆኑ በማኅበሩ ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ ከቀድሞዎቹ አመራሮች የተረከብናቸው ናቸው። ከሥራቸው አሸዋ አነጠፍን፣ በሩን በሁለት ቁልፍ ቆለፍን፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ን ጠቅሰን ለሚመለከተው አካል ደብዳቤ ጻፍን። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ምላሽ አልደረሰንም። ሌሎች መሠረታዊ ማኅበራትም በየመጋዘናቸው ያለውን በርሜልና ጀሪካን እንዲመዘግቡ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ፤ ቅጹ ከዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። በርሜሉን ሳይከፍቱ፣ ሳያንቀሳቅሱና ሳያሸቱ፣ በዓይን የሚታየውን ብቻ መሙላት ይበቃል።